በገዛ እጅ ስለ ተሰፋ የበዓል ስጦታ

ስጦታ የፍቅር ምልክት ነው። ሰው በበዓል ቀን ወደሚወደው ዘመዱ ባዶ እጁን መሄድ አይወድም፤ ስለዚህ አንዱ ዶሮ፣ አንዱ ድፎ ዳቦ፣ አንዱም ማር ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን ገንዘብ የሌለው ሰው ምን ይስጥ? ገና ደመወዝ የማይቀበል ልጅስ ለእናቱና ለአባቱ፣ ለወንድሙና ለባልንጀራው ምን ሊሰጥ ይችላል? የዚህ ጥያቄ መልስ በሁለት እጆቹ ውስጥ ነው። መርፌና ክር፣ ጥቂት ቍራጭ ጨርቅ፣ ትዕግሥትም ያለው ልጅ የሚሰጠው ነገር አያጣም።

በእጅ የሠሩትን ነገር በበዓል መስጠት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በእንቍጣጣሽ ቀን ሴቶች ልጆች አበባና ለምለም ሣር ይዘው አበባየሆሽ እያሉ በየቤቱ ይዞራሉ፤ ወንዶች ልጆችም በወረቀት ላይ ሥዕል ሥለው፣ በቀለም አሳምረው ለዘመድና ለጎረቤት ያበረክታሉ። ተቀባዩ ደስ የሚለው ሥዕሉ የታላቅ ሠዓሊ ሥራ ስለ ሆነ አይደለም፤ ልጁ እርሱን አስቦ ስለ ደከመ ነው እንጂ።

በአማርኛ ቋንቋ መስፋት የሚለው ቃል ለሁለት ሥራ ያገለግላል። አንደኛው ጨርቅን በመርፌና በክር ማያያዝ ነው። ሁለተኛውም ስንደዶና አክርማን በወስፌ እየወጉ፣ ቀለም የገባውን አለላ እያፈራረቁ ሞሰብና ሰፌድ፣ ሙዳይና አገልግል መሥራት ነው። ሥራው ሁለት ቢሆንም ጠባዩ አንድ ነው፤ ይኸውም ትንሹን ነገር ከትንሹ ጋር እያያያዙ ትልቁን ማድረግ ነው። አንድ ጊዜ መርፌ ማሳለፍ ምንም የማይረባ ይመስላል፤ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ግን ልብስ ይሆናል።

ልጆች ሆይ፣ የምትሰፉት ጨርቅ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይገባችኋል። ጥጥ ከእርሻ ከተለቀመ በኋላ ፍሬው እንዲለይ ይዳመጣል፤ ከዚያም በደጋን ይነደፋል፤ ቀጥሎም ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ የተፈተለውም ክር ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል። ልቃቂቱን ሸማኔ ይቀበላል። ሸማኔው በቁመት የተዘረጋውን ክር ድር፣ አግድም የሚገባውንም ክር ማግ ይለዋል፤ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ፣ በጠርዙም ጥለት እያበጀ ሸማውን ይሠራል። እንግዲህ አንድ ነጠላ በትከሻችን ላይ ከማረፉ በፊት ገበሬው፣ ፈታይዋና ሸማኔው ደክመውበታል። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳና በሌሎችም ሰፈሮች ከሚሸምኑት ሰዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው።

ነገር ግን በቀድሞ ዘመን ብዙ ሰዎች የሸማኔን ሥራ እየለበሱ ሸማኔውን ይንቁት ነበር። እንደዚሁም በአንጥረኛው ማረሻ እያረሱ አንጥረኛውን፣ በፋቂው ቍርበት ላይ እየተኙ ፋቂውን ይሰድቡ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህ ነገር አገርን እንደሚጎዳ ተመልክተው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ሠራተኛ ከተናቀ ሥራውን ይተዋል፤ ሥራው ከቀረም አገር ባዶ ይሆናልና። አዋጅ ግን አፍን ይከለክላል እንጂ ልብን አያቀናም። ልብ የሚቀናው ሰው ጥፋቱን በገዛ ራሱ ባወቀ ጊዜ ነው። ይህም ከዚህ ቀጥሎ ካለው ታሪክ ይታያል።

በአዲስ አበባ ከተማ በምዕራብ ወገን ልደታ ማርያም የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። ልደታ ማለት በግዕዝ የእርስዋ መወለድ ማለት ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዛሬም ክፍለ ከተማው በዚሁ ስም ይጠራል። የቀድሞዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው በቦታቸው ፎቅ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ይህ ታሪክ ግን ቤቶቹ ገና ዝቅተኞች፣ አጥሮቹም የተቀራረቡ በነበሩበት ጊዜ የሆነ ነው።

የልደታ በዓል በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን ይከበራል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀን አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 ቀንም አያልፍምና፣ ልደታ ሁልጊዜ ከፋሲካ በኋላ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ይውላል፤ ስለዚህ ጾም አይገጥመውም። በዚያ ቀን ጎረቤቶች ከቤታቸው ወጥተው በደጅ ይሰበሰባሉ፤ ስንዴና ባቄላ፣ ሽምብራም ቀቅለው ንፍሮ ያደርጋሉ፤ ዳቦ ይቈርሳሉ፤ ቡና ያፈላሉ፤ በአንድነትም ይመራረቃሉ።

በዚያ ሰፈር አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት አንዲት ልጅ ነበረች። ሁዳዴ በገባ ጊዜ የእጅ ሥራ መምህርቷ ተማሪዎችን ሁሉ ሰብስባ፣ «እስከ ግንቦት ልደታ ድረስ እያንዳንዳችሁ ለምትወዱት ሰው በእጃችሁ አንድ ስጦታ ስፉ» አለቻቸው። ወንዶቹ ልጆች ሳቁ፤ አንደኛውም፣ «ስፌት የሴት ሥራ ነው» አለ። መምህርቷም፣ «ወደ ገበያ ውረዱና በስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ የሚሰፋው ማን እንደ ሆነ ተመልከቱ። ካህኑ የሚለብሰውን ካባስ የሰፋው ማን ይመስላችኋል?» ብላ መለሰችላቸው። ልጆቹ አብዛኞቹ ልብስ ሰፊዎች ወንዶች መሆናቸውን ያውቁ ነበርና ዝም አሉ፤ መርፌም ተቀበሉ።

ልጅቱ ሦስት ስጦታ አሰበች፤ ለአያቷ የትራስ ልብስ፣ ለእናቷ የመርፌ መያዣ፣ ለአባቷም መሐረብ። ነገር ግን ችኩል ነበረች። ጨርቁን ሳትለካ ቈረጠች፤ ክሩንም በጣም አስረዝማ ስለ ነበር ተጠላለፈባት። ከአጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ግን በዝግታ ትሰፋ ነበር፤ ስፌቷም ቀጥ ያለና የጠበቀ ነበር። ይህች ልጅ የሸማኔ ልጅ ነበረች። መምህርቷ ሥራዋን ከፍ አድርጋ ለሁሉ አሳየችና፣ «እንደዚህ ስፉ» አለች።

በዚያን ጊዜ ቅናት በልጅቱ ልብ ገባ። ከትምህርት ቤት ሲወጡ በመንገድ ላይ፣ በሌሎች ልጆች ፊት፣ የሸማኔውን ልጅ በአባቷ ሥራ ሰደበቻት። ሌሎቹም ሳቁ። የተሰደበችው ልጅ ምንም አልመለሰችም፤ ወድቆ የነበረውን ክሯን አንሥታ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግሥቱም ቦታዋን ለውጣ በሌላ ወንበር ተቀመጠች።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን አያቷ የፈተለችውን ልቃቂት በቅርጫት አድርጋ ለልጅቱ ሰጠቻትና፣ «ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሸማኔ ውሰጂልኝ፤ ለበዓል ነጠላ እንዲሠራልኝ ተነጋግረናል» አለቻት። ልጅቱ ደርሳ ወደ ቤቱ በገባች ጊዜ ደነገጠች፤ ሸማኔው የዚያች ልጅ አባት ነበርና።

እርሱም እግሮቹን በጕድጓዱ ውስጥ አድርጎ ተቀምጦ ይሸምን ነበር። «ነይ ግቢ፣ ልጄ» አላት። እርስዋም አፍራ በደጃፉ ቆመች። በዚያ መካከል አንድ የድር ክር ተበጠሰ። ሸማኔው ወዲያው ሥራውን አቁሞ ክሩን ፈለገ፤ አግኝቶም ቋጠረው። ልጅቱም፣ «አባባ፣ ክሩ ብዙ ነው፤ ስለ አንድ ክር ለምን ሥራዎን ያቆማሉ?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም፣ «አንዱ ተበጥሶ ከቀረ ሸማው በዚያ በኩል ይሳሳል፤ ቀዳዳውም በዚያ ይጀምራል። የተበጠሰ ክር ሳይውል ሳያድር መቋጠር አለበት» አላት።

ከዚያ በኋላ ልቃቂቱን ተቀብሎ፣ «አንቺን አውቅሻለሁ። ልጄ አብረን እንሰፋለን፣ ባልንጀራዬ ናት ብላኛለች» አላት፤ ከሥራው የተረፈ ነጭ ቍራጭና ጥቂት የጥለት ክርም አውጥቶ፣ «ይህ ለስፌትሽ ይሁንሽ» ብሎ ሰጣት። ልጅቱ ፊቷ ቀላ። የሰደበቻት ልጅ ስድቡን ለአባቷ ሳትነግር ቀርታ ነበር።

በዚያች ማታ ልጅቱ እህል አልበላ አላት። አያቷም፣ «ምን ሆንሽ?» ብላ በጠየቀቻት ጊዜ ሁሉን ነገረቻት። አያቷ ለጊዜው ዝም አለች፤ ቀጥላም፣ «የለበስሽው ቀሚስ የማን ሥራ ነው? እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሳለምበት ነጠላ የማን ሥራ ነው? ሸማኔ ባይኖር ከቤታችን መውጣት ባልቻልንም ነበር» አለቻት። ልጅቱም እያለቀሰች፣ «እማማ፣ ሸማኔው ከሰጠኝ ጨርቅ መልካም ስጦታ ሰፍቼ እሰጣታለሁ» አለች። አያቷም፣ «መልካም ነው፤ ነገር ግን ስጦታ በይቅርታ ቦታ አይቆምም። ሳትጠይቂ ብትሰጫት አፏን በጨርቅ እንደ መዝጋት ነው። አስቀድመሽ በአፍሽ ያጠፋሽውን በአፍሽ አቅኚ፤ ከዚያ በኋላ እጅሽ ይከተል» አለቻት።

ልጅቱም ለባልንጀራዋ የንባብ መጽሐፍ የሚሆን የጨርቅ ልብስ ለመስፋት ቈረጠች። ይህ ሥራ ለልጆች ሁሉ የሚቻል ስለ ሆነ አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

አስቀድሞ እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል፤ ነጭ ጨርቅ እድፍን አይሸሽግምና። አዲስ የጥጥ ጨርቅ በታጠበ ጊዜ ስለሚሰበሰብ፣ ከመቍረጥ በፊት አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ መጽሐፉን ገልጦ በጨርቁ ላይ ማስተኛት ነው። ከላይና ከታች ለቅምቅማቱ ሁለት ሁለት ጣት፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ሽፋኑ የሚገባበት ኪስ እንዲሆን ስድስት ስድስት ጣት ትርፍ ይተዋል። በእርሳስ ምልክት ሳያደርጉ መቀስ ማንሣት ስሕተት ነው፤ ረጅም የሆነ ጨርቅ ያጥራል እንጂ ያጠረ ጨርቅ አይረዝምም።

ከዚህ በኋላ የተቈረጠው ጠርዝ ወደ ውስጥ እንዲደበቅ ጨርቁን ሁለት ጊዜ አጥፎ መዘምዘም ነው። ክሩ ከአንድ ክንድ እምብዛም አይብለጥ። ስፌቱ እያንዳንዱ የስንዴ ፍሬ የሚያህል፣ እርስ በርሱም የተካከለ ይሁን። በግራና በቀኝ የቀረውን ትርፍ አጥፎ ከላይና ከታች ቢሰፉት የመጽሐፉ ሽፋን የሚገባበት ኪስ ይሆናል። በመጨረሻ ክሩን በሁለት ወይም በሦስት ስፌት ውስጥ መልሶ አሳልፎ መቋጠር ይገባል፤ እንዲህ ያልተቋጠረ ስፌት ከጫፉ ይተረተራል። ጌጥ የሚወድ በቀለም ክር መስቀል ወይም አበባ ይጥለፍበት።

ልጅቱ ይህን ስትሠራ ሦስት ጊዜ ሰፍታ ሦስት ጊዜ ፈታች። አንድ ቀን ጣቷን ወግታ የደም ነጠብጣብ በጨርቁ ላይ ወደቀ፤ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና አጥባ አስለቀቀችው። ሚያዝያም ሊያልቅ ሲል የአባቷ መሐረብ ገና አልተጀመረም ነበር። ከመደብር ገዝታ በእጄ ሠራሁት ለማለት አሰበች፤ ነገር ግን አንድ ሐሰት በሌላ ጥፋት ላይ መጨመር አልወደደችም። ስለዚህ ወደ አባቷ ሄዳ እውነቱን ነገረችው። እርሱም፣ «እንቍጣጣሽ ሩቅ አይደለም፤ እስከዚያ እጠብቃለሁ» አላት።

ሚያዝያ 30 ቀን የሸማኔው ልጅ ወደ ተቀመጠችበት ወንበር ሄደች። በዚያ ቀን የሳቁት ልጆችም በአጠገባቸው ነበሩ፤ እርስዋም የሰደበቻት በፊታቸው ስለ ነበረ ይቅርታውንም በፊታቸው ለመጠየቅ ወሰነች። «አባትሽን በሥራቸው ሰድቤአለሁ። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በዪኝ» አለቻት። የሸማኔው ልጅ መርፌዋን በጨርቁ ላይ ሰክታ ጥቂት ዝም አለች። ቀጥላም፣ «ለአባቴ ያልነገርሁት አንቺን ፈርቼ አይደለም፤ እርሱ ሰምቶ እንዳያዝን ነው እንጂ። ይቅር ብዬሻለሁ፤ ነገር ግን ያን ቃል ዳግመኛ ለማንም አትናገሪው» አለቻት። ከሳቁትም ልጆች አንዱ አንገቱን ደፋ።

በማግሥቱ የልደታ በዓል ነበር። የልጅቱ እናት የሸማኔውን ቤተ ሰብ ወደ ደጁ ማኅበር ጠርታ ነበርና ሁሉም በአንድ ገበታ ንፍሮ ቆረጠሙ። ከአሁን በፊት በአንድ ሰፈር ሲኖሩ በአንድነት በልተው አያውቁም ነበር። ልጅቱ የትራሱን ልብስ ለአያቷ፣ የመርፌውን መያዣ ለእናቷ ሰጠች፤ የመጽሐፉንም ልብስ ለባልንጀራዋ በሁለት እጇ አቀረበች።

ሸማኔው ሥራውን ለማየት ተቀበለና በፀሐይ ብርሃን አገላብጦ ተመለከተው። የሰጠው ጨርቅ መሆኑን ባወቀ ጊዜ ፈገግ አለ። ከዚያም በጣቱ እየነካ፣ «እዚህ ላይ ትንሽ ጠምሟል» አለ። ልጅቱ አቀርቅራ ሳለች ስፌቱን በሁለት እጁ ይዞ ሳበው፤ አልተፈታም። «ነገር ግን የጠበቀ ነው፤ አይተረተርም» አለና ለልጁ መለሰላት።

ዛሬ ብዙ ልብስ የሚሰፋው በመኪና ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1846 ዓ.ም. ኤልያስ ሃው የሚባል አሜሪካዊ ለሠራው የስፌት መኪና የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ1851 ዓ.ም. ደግሞ አይዛክ ሲንጀር የራሱን መኪና አወጣ፤ ስሙም በአገራችን ልብስ ሰፊዎች ዘንድ የታወቀ ሆነ። የእጅ መርፌ ዓይን የሚገኘው በደንደሱ በኩል ነው፤ የመኪናው መርፌ ዓይን ግን ከስለቱ አጠገብ ነው። መኪናው ከእጅ ይልቅ እጅግ ይፈጥናል፤ ይህም ለሰው ልጅ ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን መኪና ስለ ማን እንደሚሰፋ አያውቅም። በእጁ የሚሰፋ ሰው ግን መርፌውን ባሳለፈ ቍጥር የሚሰጠውን ሰው ያስባል።

ይህም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐና በየዓመቱ ለበዓሉ መሥዋዕት ስትወጣ፣ በቤተ መቅደስ ለሚያገለግለው ልጅዋ ታናሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት እንደ ነበር በመጽሐፍ ቅዱስ ተጽፏል። ልጁ ያድግ ነበርና የዓመቱ ልብስ ለሚመጣው ዓመት አይበቃውም፤ ስለዚህ እናቱ በየጊዜው ቁመቱን እያሰበች ትሰፋ ነበር። በኢዮጴ ከተማ የነበረችው ጣቢታም በሞተች ጊዜ መበለቶች እያለቀሱ እርስዋ የሠራችላቸውን ልብስ ለጴጥሮስ አሳዩት። እመቤታችንም ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል እንደ ነበር በቤተ ክርስቲያን ይተረካል። እንግዲህ የእጅ ሥራ ክብር እንጂ ውርደት አይደለም።

ልጆች ሆይ፣ ስጦታ ለመስጠት ባለጠጋ እስክትሆኑ ድረስ አትጠብቁ። ጊዜ ሳለ ጀምሩ፤ ለክታችሁ ቍረጡ፤ የጠመመውን ለመፍታት አትፈሩ፤ የገዛችሁትን ሠራሁት አትበሉ። የምትሰፉበትን ጨርቅ ያበጀውንም ሰው አትርሱት። በቃል የበጠሳችሁት ክር ካለ አስቀድማችሁ እርሱን ቋጥሩ፤ ከዚያ በኋላ የእጃችሁ ሥራ ትንሽ ጠማማ እንኳ ቢሆን የጠበቀ ይሆናል።

ጥያቄ

1. መስፋት የሚለው ቃል ለየትኞቹ ሁለት ሥራዎች ያገለግላል?
2. ጥጥ ሸማ እስኪሆን ድረስ በምን በምን ሥራ ያልፋል?
3. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያስነገሩት አዋጅ ምን የሚከለክል ነበር? ስለ ምንስ አስፈለገ?
4. የልደታ በዓል ሁልጊዜ ከፋሲካ በኋላ የሚውለው ስለ ምን ነው?
5. አያቲቱ «ስጦታ በይቅርታ ቦታ አይቆምም» ማለቷ ምን ማለት ነው?
6. ልጅቱ ይቅርታ የጠየቀችው በሌሎች ልጆች ፊት ስለ ምን ነው?
7. ለሚመጣው በዓል ለማን ምን ትሰፋላችሁ? የሚያስፈልጋችሁን ዕቃ ጻፉ።